«ተለዋጭ» ወይስ «ዝርያ»? የአንድ ስያሜ ታሪክ

«ዝርያ» የሚለው ቃል በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አስቀድሞ ሥራ ተሰጥቶታል። ከአዳማ አጠገብ በሚገኘው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመርጦና ተፈትኖ ለገበሬ የሚለቀቀው የበቆሎ ወይም የቦሎቄ ዘር ዝርያ ይባላል። እንግዲህ ተርጓሚ «የሂስቶን ዝርያ» ብሎ ቢጽፍ፣ በአንድ ተክል ሕዋስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከዘር ዓይነት ጋር መምታታቱ አይቀርም። ለፍርዱ እንዲረዳ የስያሜውን ታሪክ እንመልከት።

ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል እ.ኤ.አ. በ1884 ከዝይ የደም ሕዋሳት አንድ ፕሮቲን ለይቶ «ሂስቶን» አለው። በ1974 ሮጀር ኮርንበርግ ስምንት ሂስቶኖች ተጣምረው የክሮማቲን መሠረታዊ ክፍል እንደሚሆኑ አመለከተ፤ ይህም ክፍል «ኑክሊዮሶም» ተባለ። ሸማኔ ድውሩን በቀሰም ላይ እንደሚያጠነጥን፣ ዲ.ኤን.ኤ.ም በእነዚህ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠማል። ጥምጥሙ ሲጠብቅ ዘረ መሉ ዝም ይላል፤ ሲላላ ይነበባል።

በአንዳንድ ስፍራ ዋናው ሂስቶን ተነሥቶ የቅርብ ዘመዱ ይተካበታል፤ የጥምጥሙም ጠባይ አብሮ ይለወጣል። ለምሳሌ ኤች2ኤ.ዜድ የተባለውን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአረቢዶፕሲስ ተክል ላይ የታተመ ጥናት፣ ሙቀት ሲጨምር ይህ ሂስቶን ያለባቸው ኑክሊዮሶሞች እንደሚቀንሱና በሙቀት የሚነቁ ዘረ መሎች እንደሚከፈቱ አሳየ። በ2013 ደግሞ በብራኪፖዲየም ሣር ላይ ሙቀት የፍሬን ምርት የሚጎዳው በዚሁ መንገድ እንደሆነ ተጻፈ። ሙቀትና የዝናብ እጥረት አዝመራውን ለሚፈትኑት ለስምጥ ሸለቆ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

የስም ውዝግብም የእኛ ብቻ አይደለም። ይኸው ኤች2ኤ.ዜድ በእርሾ ኤችቲዜድ1፣ በቴትራሃይሜና ኤችቪ1 ይባል ነበር። በ2012 ተመራማሪዎች በዝምድና ሐረግ ላይ የተመሠረተ አንድ ወጥ ስያሜ አቀረቡ። ሆኖም በ1985 ሴንፕ-ኤ ተብሎ የታወቀውን ሂስቶን «ሴንኤች3» ለማለት የቀረበውን ሐሳብ፣ በዓመቱ ሌሎች ሊቃውንት ነባሩ ስም ይጽና ሲሉ ተቃወሙት።

በእኛ አስተያየት «ተለዋጭ ሂስቶን» የተሻለ ነው። ቃሉ የወጣበት «ለወጠ» የሚለው ግሥ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተካትን ይናገራል፤ በአዳማ ጋራዦች «መለዋወጫ» የሚባለው ዕቃም የዚሁ ግሥ ልጅ ነው። ተርጓሚ ግን «ተለዋዋጭ» እንዳይል ይጠንቀቅ፤ ያ ራሱ የማይረጋውን ነገር ያመለክታልና። «ዝርያ»ም ለመልካሳ ዘር ይቆይ።