ጭራ፤ የዝንብ ማባረሪያ

ጭራ፣ በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር መነሳንስ፣ ዝንብንና ሌሎች በራሪ ነፍሳትን ከፊት፣ ከማዕድና ከንዋየ ቅድሳት ለማራቅ በእጅ የሚያዝ፣ ከእንስሳ ጭራ፣ ይልቁንም ከፈረስ ጭራ ፀጉር የሚሠራ መሣሪያ ነው። ግብሩ ማራቅ እንጂ መግደል ስላልሆነ ከዝንብ መምቻ ይለያል፤ የያዘውም ሰው ነገሩን ሳያቋርጥ፣ ፊቱንም ሳያዞር፣ ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው በዝግታ ያሳልፈዋል።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ትዕግሥት ይፈልጋል። ፀጉሩ ታጥቦ ከቅባቱና ከእድፉ ከጠራ በኋላ ይበጠራል፤ ከሥሩ ተስተካክሎ በእንጨት ወይም በቀንድ እጀታ ጫፍ ዙሪያ ይደረደራል፤ በላዩም እርጥብ ጠፍር ይጠመጠምበታል፣ ጠፍሩ ሲደርቅ እየተኮማተረ ፀጉሩን አጥብቆ ይይዘዋልና። የባለጸጎቹ ጭራ እጀታው በብር ይለበጣል። ማሲንቆ የሚሠሩ ሰዎችም ለክሩና ለመምቻው የሚሹት ይህንኑ የፈረስ ጭራ ፀጉር ስለ ሆነ፣ ዘፈኑም የዝንቡም መከላከያ ከአንድ እንስሳ ተገኝተዋል ማለት ይቻላል። በአገራችን ጭራ የካህኑ፣ የሽማግሌውና የዳኛው ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች እንዲሁ የሥልጣንና የክብር ምልክት ሲሆን፣ የኬንያው ጆሞ ኬንያታና የማላዊው ሄስቲንግስ ባንዳ በአደባባይ ሲወጡ ከእጃቸው አይለዩትም ነበር። በህንድ አገር የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ቻውር የሚሉትን ከያክ ፀጉር የተሠራ ጭራ በቅዱስ መጽሐፋቸው ላይ ያወዛውዛሉ፤ ይህም ለንጉሥ ይደረግ የነበረውን ክብር ለመጽሐፉ መስጠታቸው ነው።

በክርስቲያን ሥርዓት ውስጥ የነበረው ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሶርያ የተሰበሰበው፣ በሐዋርያት ስም የሚጠራው የሥርዓት መጽሐፍ፣ በ8ኛው ክፍሉ፣ ሁለት ዲያቆናት በመንበሩ ግራና ቀኝ ቆመው፣ ከስስ ብራና ወይም ከጣዎስ ላባ ወይም ከበፍታ የተሠራ መርዋሕ፣ ማለት ማራገቢያ፣ ይዘው፣ ትንንሾቹ በራሪዎች ወደ ጽዋው እንዳይገቡ በቀስታ እንዲያባርሩ ያዝዛል። ዘመን ሲያልፍ ላባው በብርና በነሐስ ተተካ፣ በብሩም ላይ ክንፋቸው ስድስት የሆነ ሱራፌል ተቀረጹበት፤ አርመኖችም በዙሪያው ትንንሽ ቃጭሎች አንጠለጠሉበት። እንግዲህ ዝንብ ለማባረር የገባው ዕቃ የሰማይ ሠራዊት በመንበሩ ዙሪያ መቆማቸውን የሚያሳይ ምሳሌ ሆነ ማለት ነው። ሊቃውንተ ሥነ ሥርዓት ይህን መሰሉን ለውጥ አብዝተው ቢያውቁትም፣ ከዚህኛው ይልቅ መነሻው ግልጥ ሆኖ የተጻፈለት ግን ጥቂት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኢትዮጵያ የተሠራ፣ ሲታጠፍ እንደ መጽሐፍ፣ ሲዘረጋ እንደ ክብ መርዋሕ የሚሆን የብራና ሥዕል ዛሬ በአሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ፣ በዎልተርስ ቤተ መዘክር ይገኛል።

በፖለቲካ ታሪክ ጭራ ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው በአልጀርስ ነው። ፈረንሳይ በ1790ዎቹ ዓመታት፣ በአብዮቷ ጦርነት ተከባ ስትራብ፣ ባክሪና ቡስናክ ከሚባሉ የአልጀርስ ነጋዴ ቤተሰቦች ስንዴ በዱቤ ገዝታ ነበር፤ ዕዳውም ሙሉ በሙሉ ሳይከፈል ከ30 ዓመት በላይ ተንከባለለ። የአልጀርስ ገዢ ዴይ ሑሴን ስለዚህ ጉዳይ ለፈረንሳይ ንጉሥ ጽፎ መልስ ቢያጣ፣ በ1827 እ.ኤ.አ. በኤፕሪል ወር መጨረሻ፣ ለበዓል ደስታ ሊገልጥ የመጣውን ቆንስል ፒየር ዴቫልን ምክንያቱን ጠየቀው። ቆንስሉ ንቀት ያለበት ቃል መለሰ፤ ዴዩም በእጁ በያዘው ጭራ መታው። ፈረንሳይ ዴዩ ይቅርታ እንዲጠይቃት ፈለገች፣ ባታገኝ ወደቡን በመርከብ ከበበች፣ ከሦስት ዓመትም በኋላ በ14 ጁን 1830 ጦሯን በሲዲ ፈሩሽ አወረደች፤ በ5 ጁላይ ከተማይቱ እጅ ሰጠች። ጭራው የጦርነቱ ሰበብ እንጂ ምክንያት አልነበረም፤ ንጉሥ ሻርል 10ኛ በገዛ አገሩ የከዳውን ሕዝብ በድል ዜና ለመመለስ ይሻ ነበርና፤ እርሱም ቢሆን በዚያው ወር መጨረሻ በፓሪስ በተነሣው አብዮት ዙፋኑን አጣ። አልጄርያ ግን ነጻነቷን ያወጀችው ከ132 ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ቀን፣ በ5 ጁላይ 1962 ነው። የአንድ ሕዝብ የመከራ ዘመን ሁሉ በአንድ የፈረስ ፀጉር ምት ስም ሲጠራ መስማት፣ በደሉን እንዳቃለሉት ስለሚመስል፣ ለታሪክ ጸሐፊ ሊያሳዝነው ይገባል።

ጭራ ስለሚያባርረው ስለ ዝንቡም መናገር ይገባል። በሞቃት አገሮች በሰው ዓይን ዙሪያ የሚያርፈው፣ በሳይንስ ስሙ ሙስካ ሶርበንስ የሚባለው ዝንብ፣ ከዓይን የሚወጣውን ፈሳሽ ለእርጥበቱና ለምግብነቱ ይፈልገዋል፤ ከአንዱ ሕፃን ዓይን ወደ ሌላው ሲሻገርም ትራኮማ የሚያመጣውን ረቂቅ ሕዋስ ይዞ ይሄዳል። በሽታው ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ በውስጥ እየጠባሰ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን ይፍቃል። በአገራችን ገጠር በማተባቸው ላይ ወረንጦ አንጠልጥለው፣ የሚወጋቸውን ፀጉር በየጊዜው የሚነቅሉ እናቶች አሉ፤ ይህን የሚያይ ሰው የዝንብን ነገር እንደ ቀላል አይቆጥረውም። በዓለም ላይ በትራኮማ ከሚጠቁት አገሮች ሸክሙ እጅግ የከበደው በኢትዮጵያ ላይ ነው።

ይህ ዝንብ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር እንጂ በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስላልሆነ፣ ጭራ ለአንድ አፍታ የሚያርቀውን ዝንብ፣ መጸዳጃ ቤት ከመወለዱ በፊት ይከለክለዋል። በጋምቢያ የተደረገና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ መጸዳጃ ቤት በተሠራባቸው መንደሮች በሕፃናት ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ በ30 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት የሚደግፈው ዘዴም አራት ሥራዎችን ያጣምራል፤ እነርሱም ለተቀለበሰ ሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና፣ ለሕዋሱ መድኃኒት፣ የፊት መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው። ጋምቢያ ትራኮማን እንደ ሕዝብ ጤና ችግር ማስወገዷ በ2021 ተረጋግጦላታል።