በረዶ፣ ሞላ እና ጉልበት

አማርኛችን በበረዶ ነገር ቆጣቢ ነው። በክረምት የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ የሽሮ ሜዳን የቆርቆሮ ጣራ የሚደበድበው ጠጠር በረዶ ነው፤ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በብርጭቆ ውስጥ የሚንኳኳውም በረዶ ነው፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሌሊቱን ያለ ድምፅ ወርዶ ጠዋት ደጃፍ የሚዘጋው ነጭ ብናኝም ያው በረዶ ነው። ግእዝ እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር፤ በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ እያለ ይለያቸው ነበር። የመዝሙረ ዳዊት የአማርኛ ተርጓሚዎች ያንን ለስላሳውን በረዶ ላላየው አንባቢ ማሳየት ሲኖርባቸው፣ ዕብራይስጡ የበግ ጠጉር ባለበት ቦታ ባዘቶ አሉ። የሸማኔ ሰፈር ለሆነው ለሽሮ ሜዳ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። ባዘቶ ምን ያህል እንደሚቀል፣ ምን ያህልም እጅን እንደሚውጥ እዚህ ሰፈር የማያውቅ ልጅ የለም።

በዚህ መጣጥፍ የማነሣው ግን ስለ ባዘቶ አይደለም፤ በዚያ ባዘቶ ላይ እንዲሄድ ተብሎ ስለተሠራ አንድ መሣሪያ፣ ይልቁንም ስለ መሣሪያው የፊት እግር ነው። የበረዶ ብስክሌት ይሉታል። ከፊት በጎማው ቦታ የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ ተገጥሞለታል፤ ከኋላው እንደየዓይነቱ ሌላ ሰሌዳ፣ ወይም እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ቀበቶ አለው። የሽሮ ሜዳ ሰው ይህ ምን ይሠራለታል? ለሚለኝ አንባቢ መልስ አለኝ። ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ቁልቁለት ሥር የተቀመጠ ሰፈር ነው። ከጋራው የሚወርድ ነገር ሁሉ፣ ሰውም፣ አህያም፣ መኪናም፣ ብስክሌትም፣ ክብደቱን ወደ ፊት ጥሎ ነው የሚደርሰን። የፊት እግር ጉዳይ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በረዶውም ቢሆን ፈጽሞ የሩቅ አገር አይደለም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ አዱሊስ ላይ በአንድ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የግሪክኛ ጽሑፍ አግኝቶ ገልብጧል። ጽሑፉ ከኮስማስ ብዙ ቀድሞ የነበረ፣ ስሙ ያልተነገረ የአክሱም ንጉሥ የዘመቻ መዝገብ ነው። ንጉሡ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል ከዐባይ ማዶ በተራራ የሚኖሩ የሰሜን ሰዎች ይገኙባቸዋል፤ አገራቸውም ብርድና ውርጭ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለበት እንደ ሆነ ይተርካል። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ቃሉ ግን በኮስማስ መጽሐፍ ውስጥ ቀርቶልናል።

እስከ ጉልበቱ የሚለውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በአማርኛ ጉልበት እግር የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው፤ ጉልበት ኃይልም ነው። ያ ንጉሥ ስለ ድሉ ሲያወራ ሳያስበው የአንድ ሙያን ዋና ጥያቄ ጽፎልናል። በበረዶ ላይ የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ የሚሸነፈው ጉልበቱ ላይ ነው። እግር ይሰጥማል፣ ይነቀላል፣ እንደገና ይሰጥማል። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ለዚህ ያገኙት መልስ ከእግር ሥር ረጅም ሰሌዳ አስሮ ክብደትን በሰፊ ቦታ መበተን ነበር። ጨዋታውን እኛ የበረዶ ሸርተቴ ብለን ጠራነው፤ ሸርተቴን ከልጆች ጨዋታ ተውሰን። ከውሰት ቃሎቻችን ሁሉ ይህ ከራሳችን የተዋስነው ስለሆነ ደስ ይለኛል።

ብስክሌትንና ሰሌዳን የማጋባት ሐሳብ እንደሚመስለው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 አንድ አሜሪካዊ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል፤ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ከነገሡ ገና ሦስት ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። በ1949 ደግሞ ኦስትሪያዊው ኤንገልበርት ብሬንተር ተቀምጠው የሚንሸራተቱበትን መሣሪያ አስመዘገበ። ስኪቦብ የሚባለው ስፖርት ከዚያ ወዲያ በአልፕስ ተራሮች ተስፋፍቶ በ1961 ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አቋቋመ፤ በ1967 ባድ ሆፍጋስታይን በተባለችው የኦስትሪያ ከተማ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና አካሄደ። በእነዚህ ቀዳሚ መሣሪያዎች ፊት ላይ ሞላ መፈለግ ብዙ ጊዜ ድካም ነው። ነጂው በሁለት እግሮቹ ትናንሽ ሰሌዳዎች አስሮ፣ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ይወርዳል፤ የመንገዱን ጉብታ የሚውጠው የራሱ ጉልበት ነው። ሞላው ሥጋ ነበር ማለት ነው።

ብረቱ ጉልበት የመጣው ከሞተር ብስክሌት ነው። የፊት ጎማን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዘው ሹካ፣ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ እየገባና እየወጣ እንዲሠራ የማድረግ ሐሳብ በእንግሊዙ ስኮት ሞተር ብስክሌት ላይ በ1908 ታይቷል። ነገር ግን ሞላ ብቻውን ክፉ አገልጋይ ነው፤ የተቀበለውን ሁሉ መልሶ ይወረውራል። ጉብታ ሲመጣ ይታጠፋል፣ ጉብታው ሲያልፍ ነጂውን ያነጥራል። በ1935 ቢኤምደብልዩ ለገበያ ባቀረባቸው ሞተር ብስክሌቶች ላይ በቱቦው ውስጥ ዘይት ጨመረበት። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ለማለፍ ሲታገል የሞላውን ችኮላ ይገታል። ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች የዚያ ሹካ ልጆች ናቸው። የተራራ ብስክሌት ይህን ጸጋ ለማግኘት ብዙ ቆይቷል፤ ሮክሾክስ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያ ሹካውን ያወጣው በ1989 ነው።

አሁን ከዚህ ሹካ ሥር ጎማውን አውጥተን በቦታው ሰሌዳ እንስቀል። ነገሩ የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው። ጎማ ይሽከረከራል፤ ከመሬት ጋር የሚገናኘው በመዳፍ በምታህል ቦታ ነው፤ ጉብታ ሲያጋጥመው ይወጣበታል። ሰሌዳ አይሽከረከርም፤ ይጎተታል፤ ከበረዶው ጋር የሚገናኘው በቁመቱ ሁሉ ነው። ስለዚህ በረዶው ሹካውን ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይገፋዋል። ሰሌዳው ከሹካው ጋር የሚገናኝባት አንዲት ቡሎን የነገሩ ሁሉ ማዕከል ትሆናለች። ቡሎኗ ወደ ፊት ከበዛች የሰሌዳው አፍንጫ ይደፋና በረዶው ውስጥ ይተከላል፤ አፍንጫው የተተከለ ሰሌዳ ነጂውን በመሪው ላይ አሳልፎ ይጥለዋል። ወደ ኋላ ከበዛች ደግሞ አፍንጫው ተንጋልሎ መሪው ፍሬ ቢስ ይሆናል። በሰሌዳውና በሹካው መካከል የሚገባው የላስቲክ ጉንድ ተራ ነገር ይመስላል፤ የሰሌዳውን አፍንጫ በትንሹ ወደ ላይ ይዞ የሚያቆየው፣ መወዛወዙንም የሚያበርደው እርሱ ነው።

ጥልቁ ለስላሳ በረዶ ራሱ ሞላ ነው፤ ባዘቶን በጡጫ የመታ ሰው ይህን ያውቃል። ታዲያ ሞላ በሞላ ላይ ለምን አስፈለገ? በረዶ ሁልጊዜ ባዘቶ ስላልሆነ ነው። ሌሊት ሲረጋ ድንጋይ ይሆናል፤ በሌሎች መሣሪያዎች ሲረገጥ እንደ ኮረኮንች መንገድ ይሸነተራል። ለአንዱ ቀን የተበጀ ሹካ ለሌላው ቀን አይሆንም። ብርዱም አለ። ዘይት በብርድ ይወፍራል፤ የወፈረ ዘይት በጠባቡ ቀዳዳ በጊዜ አያልፍም፤ ሹካውም እንደ አረጀ ሰው ጉልበት ከታጠፈበት ለመነሣት ይዘገያል። በብረት ሞላ ፈንታ የታመቀ አየር የሚጠቀሙ ሹካዎች አሉ፤ አየር ደግሞ ሲበርድ ይኮማተራል። 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው ጋራዥ ውስጥ የተሞላ ሹካ ከዜሮ በታች 20 ወደሆነበት ሜዳ ሲወጣ ከግፊቱ 14 በመቶ ያህል ያጣል። መካኒኩ ቤት ውስጥ ያስተካከለውን ተራራው ያፈርስበታል ማለት ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ የዚህ ሙያ ክብሩ እዚህ ላይ ነው። መሬቱ ለማይጸናበት ነገር ጽኑ እግር መሥራት።

በሞተር የሚነዳው ዓይነት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ገንኗል። በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት የተወለደው ቲምበርስሌድ የተባለ ድርጅት ተራ ሞተር ብስክሌትን ወደ በረዶ ብስክሌት የሚለውጥ ዕቃ እየሠራ ስሙ ከታወቀ በኋላ፣ በ2015 ትልቁ ፖላሪስ ገዝቶታል። የእነዚህ መሣሪያዎች የፊት ፍሬን ከጎማው ጋር አብሮ ይወጣል፤ የሚያዘው የኋላው ቀበቶ ነው። ስለዚህ ቁልቁል ሲያዝ ፊቱ እንደ መንገድ ሞተር አይደፋም።

ወደ ቁልቁለታችን እንመለስ። ሞላ የምንለው ቃል ጣሊያንኛ ነው። ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ሁሉም ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ወራሪው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በመኪና መጥቶ በመኪና ተባረረ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ለዘይት ባለሙያው ሾክ አብዞርበር እንግሊዝኛው በኋላ ተደረበ። በአንድ መካኒክ አፍ ውስጥ የሁለት መንግሥታት ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያልፍ መስማት ለእኔ ከብዙ ልብ ወለድ ይበልጥብኛል።

ከእነዚህ ቃላት የሰፈሬ ልጆች ድርሻ ኩሽኔታ ነው። አሮጌ ኩሽኔታ ከሳንቃ ሥር ይገጥሙና ፊቱን በአንዲት ቡሎን ላይ የሚዞር አግዳሚ ያደርጉታል፤ ተቀምጠው በእግራቸው እየመሩ ቁልቁል ይለቁታል። ሞላ የለውም፤ ፍሬኑ የጫማ ሶል ነው። አንባቢ ልብ ካለ ይህ ከቀደመው ስኪቦብ ጋር ወንድማማች ነው። ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ በአንዲት ቡሎን መዞር፣ ጉብታውን በሥጋ መዋጥ። የአልፕሱ ልጅ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ የእኛው ልጅ የተላጠ ጉልበቱን ይዞ ቤቱ ገባ።

ብስክሌት ጥገናው ጋ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። አሮጌ የተራራ ብስክሌቶች ሹካቸው ዘይቱን አፍስሶ፣ ሞላው ደክሞ ይመጣሉ። እንዲህ ያለው ሹካ በሜዳ መንገድ ችግሩ አይታወቅም። በእንጦጦ ቁልቁለት ግን ነጂው የፊት ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሚገታ ዘይት የሌለው ሹካ እስከ መጨረሻው ይሰምጣል፤ መሪው ይዘቅጣል፤ የኋላው ጎማ ይቀልላል። ያኔ አንድ ጉድጓድ በቂ ነው። ስለዚህ ጥገናው ያውቅበታል፤ የሞተውን ሹካ አውጥቶ ሞላ የሌለው ደረቅ ሹካ ይተካል። የእጅ አንጓ ያማል፤ ሰው ግን ቤቱ ይገባል። ከክፉ ሞላ ምንም ሞላ ይሻላል የሚለውን ይህን ውሳኔ የትኛውም መሐንዲስ ቢሰማው የሚስቅበት አይመስለኝም።

በእውነተኛው በረዶ ላይ ስማችንን ያስጠራም ሰው አለን። ሮቤል ተክለማርያም በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ሲሆን፣ በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ውድድሩ የአገር አቋራጭ ሸርተቴ ነበር፤ ሞላውም የገዛ ጉልበቱ።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት በጋራው ላይ የብስክሌት መንገድ ተሠርቶለታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ዘይቱ ያልፈሰሰ ሹካ የተገጠመለት ብስክሌት በባሕር ዛፍ ሥር ሲወርድ ማየት ደስ ይላል። በዚያው ጋራ ላይ ግን ከፓርኩ ብዙ ቀድሞ የተረገጠ ሌላ መንገድ ነበር፤ የእንጨት ተሸካሚ እናቶች መንገድ። ባለፉት ዓመታት ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ሸክሙ ከ30 ኪሎ የሚያንስበት ቀን ጥቂት ነው፤ ከአካላቸው ሰፍቶ በግራና በቀኝ ይወጣል። በቀጥታ አይወርዱም። ቁልቁለቱን በሰያፍ ይቆርጡታል፤ አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ፣ ልክ ሸርተቴ የሚማር ሰው እንደሚደረገው። የፊተኛው እግር መሬቱን ከመያዙ በፊት ጉልበቱ አስቀድሞ ይታጠፋል፤ ክብደቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ሳያነጥር ይመልሳል። የሞላውንም የዘይቱንም ሥራ አንድ ጉልበት ይሠራዋል። ዝናብ ከጣለ ቀዩ አፈር ይለሰልሳል፤ ያኔ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይይዛሉ፣ በእግር ጣቶቻቸው ጭቃውን እየቆነጠጡ ይወርዳሉ።