ሕጉ ከፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ሲደርስ፦ የኪርጊዝስታን ሴቶች ንቅናቄና ጠለፋ

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በኪርጊዝስታን አንዲት የ20 ዓመት የሕክምና ተማሪ ተጠለፈች። ፖሊስ ጠላፊውንም እሷንም ጣቢያ አምጥቶ ብቻቸውን ተዋቸው፤ ሰውየው እዚያው በስለት ወግቶ ገደላት። የአገሪቱን የሴቶች ንቅናቄ ለመረዳት ከዚህ ጣቢያ መነሳት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሕግ አልጠፋም ነበርና፦ በ2013 የወጣው ማሻሻያ የጠለፋን ቅጣት እስከ 10 ዓመት እስራት አድርሶታል።

ጠለፋው «አላ ካቹ» ይባላል። ልጅቷ ጠላፊው ቤት ስትገባ የቤቱ ሴቶች ከበው ያባብሏታል፤ ነጭ ሻሽ ራሷ ላይ ለማሰር ይታገሏታል። ብዙዎቹ ራሳቸው ተጠልፈው የተዳሩ ናቸው። እዚያ ካደረች ወደ ወላጆቿ መመለስ ነውር ይሆንባታል። ፖሊሱም የዚሁ ኅብረተሰብ ልጅ ስለሆነ ከክስ ይልቅ ዕርቅ ይቀናዋል። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር።

«የአባቶቻችን ባህል ነው» የሚለው መከላከያ ግን ከጥናት ጋር ይጋጫል። ጉዳዩን ለዓመታት የመረመረው ሩሰል ክላይንባክ ያለፈቃድ የሚፈጸም ጠለፋ የበረታው በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ አሳይቷል። የሶቪየት መንግሥት ጠለፋን ከልክሏል፣ ሴቶችን አስተምሯል፤ ከፓርቲው ውጭ ተደራጅተው እንዲጮኹ ግን አልፈቀደም። የሴቶች ቀን የሆነው ማርች 8ም የአበባና የስጦታ በዓል ሆኖ ቀረ።

በ2020 ሴቶች ቀኑን የሰልፍ ቀን ሊያደርጉት የአገሪቱ መዲና ቢሽኬክ ላይ ሲሰባሰቡ፣ ፊታቸውን የሸፈኑና አንዳንዶቹም ካልፓክ የተባለውን ባህላዊ ቆብ ያደረጉ ወንዶች አጠቋቸው፤ መፈክራቸውን ቀደዱ። ፖሊስ በጅምላ ያፈሰው ግን ሴቶቹን ነበር፤ 70 ያህል ተያዙ። ተበዳይን እንደ ጥፋተኛ መያዝ ከ2018ቱ ጣቢያ አልጀመረም፣ እዚያም አላበቃም።

በሚያዝያ 2021 ሌላ ወጣት ሴት በመዲናዋ በጠራራ ፀሐይ ተጠለፈች። የመንገድ ካሜራ መኪናውን ቀርጾት ነበር፤ ቤተሰቧም ለፖሊስ አመልክቷል። ከሁለት ቀን በኋላ አስከሬኗ ተገኘ። ሰልፈኞቹ ያኔ የሄዱት ሕግ ወደሚያወጣው ፓርላማ አልነበረም፤ ፖሊስን ወደሚያዘው ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደው ሚኒስትሩ ከሥልጣን ይውረዱ አሉ።