የሐይቅ ዳር ልጅ ውሃ ሲጠማው

ባለፈው የዕረፍት ሰሞን ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ዊኒፔግን በእግራችን ዞርናት። ከተማይቱ በካናዳ የሣር ሜዳ አገር ላይ የተቆረቆረች የማኒቶባ ዋና ከተማ ናት። ሐውልቷንም ሙዚየሟንም አየን። ይሁንና በሄድንበት ሁሉ አንድ ጥያቄ እየተከተለ አስቸገረን፤ ይኸውም፣ ከተማይቱ ታሪኬ ብላ የምታሳየው የማንን ታሪክ ነው? የሚል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጀመርነው ቀይ ወንዝና አሲኒቦይን ወንዝ ከሚገናኙበት፣ ፎርክስ ከሚባለው ሥፍራ ነው። ቁፋሮ እንዳረጋገጠው ሰው እዚህ መሰብሰብ ከጀመረ 6,000 ዓመት ያህል ሆኖታል። እንግዲህ የአውሮፓ ቆዳ ነጋዴዎች የመጡት ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

ወንዙን ተሻግረን ሴንት ቦኒፌስ ገባን። ካቴድራሉ በ1968 ተቃጥሏል፤ የድንጋይ ግንባሩ ግን እንደ ቆመ ነው። ሉዊ ሪየል የተቀበረው እዚሁ ግቢ ነው። ሪየል ከሜቲስ ወገን ነው፤ ሜቲስ ከአገሬው ተወላጆችና ከአውሮፓውያን የተወለደ ሕዝብ ነው። አገራቸው እነሱ ሳይጠየቁ ለካናዳ ሊተላለፍ ሲል በ1869 ተነሡ፤ ሪየል የመራው ጊዜያዊ መንግሥት ተደራድሮ ማኒቶባ በ1870 ክፍለ ሀገር ሆነች። ከሁለተኛው አመፅ በኋላ ግን መንግሥት በአገር ክህደት ከስሶ ኖቬምበር 16 ቀን 1885 ሰቀለው። በ1992 ደግሞ የካናዳ ፓርላማ የማኒቶባ መሥራች ነው ብሎ አወቀው። እንዴ! ሰቅሎ ማክበር ይሏል ይሄ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ሜቲሶች ግን ፓርላማውን አልጠበቁም።

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ የብረት ትራም ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ቆሟል። በሜይ 1919 ወደ 30,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ አቁሞ ነበር፤ ቀድመው የወጡት የስልክ ቤት ሴቶች ናቸው። ጁን 21 ቀን ፈረሰኛ ፖሊስ ተኮሰ፤ ሁለት ሰው ሞተ። ሐውልቱ የቆመው በ2019፣ ልክ በመቶ ዓመቱ ነው።

በመጨረሻ በ2014 የተከፈተውን የሰብዓዊ መብቶች ሙዚየም ጎበኘን። በመስታወት የተሠራ፣ ማማው 100 ሜትር የሚደርስ ትልቅ ቤት ነው። የዓለምን ግፍ፣ የካናዳንም ጭምር፣ ያሳያል። ውስጡ ጸጥ ያለ የውሃ ገንዳ አለ። እኛም ደክሞን ስለ ነበር ከቧንቧው ጠጣን።

ታዲያ ይህ ውሃ ከየት ይመጣል? ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሾል ሐይቅ ነው። መስመሩ ያለቀው በዚያው በ1919 ነው። ለመስመሩ ሲባል በተቆፈረው ቦይ ምክንያት "ሾል ሌክ 40" የተባለው የአኒሺናቤ ሕዝብ መንደር ከየብስ ተቆርጦ ደሴት ሆነ። ከተማው ንጹሕ ውሃ ሲጠጣ እነሱ ከ1997 እስከ 2021 ድረስ ውሃቸውን ሳያፈሉ እንዳይጠጡ ተነግሯቸው ኖሩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። መንገድ የተከፈተላቸውም በ2019 ነው።

እነሱ ግን ዝም አላሉም። ትልቁ ሙዚየም በተከፈተበት በ2014፣ በመንደራቸው "የካናዳ የሰብዓዊ መብት ጥሰቶች ሙዚየም" የሚል የራሳቸውን ከፈቱ። ለጎብኚ ያሳዩት የገዛ ኑሯቸውን ነው።

ይህን ስንል ትልቁ ሙዚየም ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ብዙ ተምረንበታል። ግን ሪየልም ሠራተኞቹም ሐውልትና ክብር ያገኙት ከሞቱ በኋላ ነው። የሐይቁ ሰዎች ግን በሕይወት ሳሉ ይሰሙ ዘንድ ጠየቁ። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ከእንግዲህ ሙዚየም ስንገባ በመስታወት ውስጥ ያለውን ብቻ አንይ፤ ቧንቧው ከየት እንደሚመጣም እንጠይቅ። እኛ ሳንጠይቅ ጠጥተናል።