የቀበሌ ቤት ነገር

ካዛንቺስ የፈረሰ ጊዜ አንድ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የእናቴ ቀበሌ ቤት እኮ ሄደ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል» ብሎ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። እንኳን ደስ አለህ ልበል ወይስ አይዞህ? ግራ ገባኝና ዝም አልኩ። መልሱን እዚህ ልጻፈው፤ ታሪኩ የብዙዎቻችሁም ነውና።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ለአነስተኛ ከፋዮች ኪራዩ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። «ትርፍ ቤት» ሲባል የሚታየን መኳንንቱ ብቻ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ሁለት ክፍል አከራይታ የምትኖር ባልቴትም ግን ነበረች። (ስናስተምር ይቺን ቶሎ ነበር የምናልፋት፣ አልዋሽም።)

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሥርዓት ተለወጠ፣ የጤፍ ዋጋ ስንት እጥፍ ሆነ፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን ለአሥርት ዓመታት ጥቂት ብር ሆኖ ቆየ። እንዲህ ዕድሜ ያገኘ ድጎማ አላውቅም። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት መሀል ከተማ ኖራ፣ ልጆቿን በእግራቸው ትምህርት ቤት ልካ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባችው ለኪራይ ባላወጣችው ብር ነው። ክፍሌ ውስጥ ስንቶቻችሁ ነበራችሁ!

በዚያ ኪራይ ታዲያ ጣራ አይታደስም። ቀበሌው ገንዘብ የለው፣ ተከራዩ ቤቱ የሱ አይደለ። ጭቃው ተሰነጠቀ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ አንዱ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ ሆነ። ደግሞ አዋጁ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ያኔ ቤት ውስጥ የነበረውን ነው። ኋላ ከገጠር የመጣው አብዛኛው ወይ ደባል ሆነ፣ ወይ የግል አከራይ እጅ ወደቀ። ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው አንዱ የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ የማይሞላ ይከፍላል፣ ሌላው የደመወዙን ግማሽ።

ሲፈርስም ቤት የሚሰጠው ውል ላይ ስሙ ላለው ነው። ደባሉ ጓዙን ይዞ ሌላ ደባልነት ይፈልጋል፤ ስለሱ ማንም በውስጥ መስመር አልጻፈልኝም።

የናትህ ግን ደርሷቸዋል። የራስ ሽንት ቤት፣ ከቤት የሚቀዳ ውሃ፤ ይሄን አላቃልልም። ያ ሁሉ ደንበኛቸው ግን የሰፈር ሰው ነበር፣ እድራቸውም እዚያው ነው። ስንተኛ ፎቅ ነው የደረሳቸው? ምጣዱስ ገባላቸው?