የኮዱ ቁልፍ ያዦች

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ በአቃቂ ቃሊቲ ከሚገኙ ጤና ጣቢያዎች የሚነሣው ወርሃዊ ሪፖርት ወደ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያም ወደ ከተማው ጤና ቢሮና ወደ ጤና ሚኒስቴር የሚደርሰው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በተባለው ሶፍትዌር አማካይነት ነው። የክትባትና የወሊድ ቁጥር የሚያስገባው ባለሙያ የተሰጠው የይለፍ ቃል የራሱን ተቋም ቅጽ ይከፍትለታል እንጂ ቅጹን እንዲለውጥ አይፈቅድለትም። ከዚህ በላይ ሌላ ቁልፍ አለ፤ ይኸውም የሶፍትዌሩን ኮድ ራሱን የመለወጥ ሥልጣን ነው።

ሶፍትዌሩ ክፍት ምንጭ በመሆኑ ማንም ኮዱን ማንበብ፣ መቅዳትና በራሱ ቅጂ ላይ ማሻሻል ይችላል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ኮዱን ማንም እንዳሻው የሚነካካው ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሁሉም በሚጠቀምበት ዋና ቅጂ ላይ ለውጥ የሚያሳርፉት የተመረጡ ሰዎች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የአፓቼን ቡድን የመሠረቱት 8 ሰዎች ለውጥን በድምፅ መወሰንን መረጡ፤ ሦስት ድጋፍ ማግኘትና አንድም ተቃውሞ አለመግጠም ደንባቸው ሆነ። በሊነክስ ዘንድ በአንጻሩ ኃላፊዎች የየክፍላቸውን ለውጥ አጣርተው ያቀርባሉ፤ የመጨረሻው ቃል የሊነስ ቶርቫልድስ ነው።

ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. የተወለደው አፓርታይድ በወደቀባት ደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተጻፈ። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ግን ቀደም ብሎ ነው። አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች በተዋቀረችበት በ1995 ዓ.ም. አካባቢ የአዲስ አበባና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ሙከራ ጀምረው ነበር። ሚኒስቴሩ ለጊዜው ሌላ መንገድ መርጦ ወደ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የዞረው በ2010 ዓ.ም. ገደማ ነው።

የቁልፉ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነው። 13 ወር ያለው የዘመን አቆጣጠር በአገር ውስጥ ቅጂ ላይ ብቻ ቢጨመር ኖሮ፣ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ሥራው መደገም ነበረበት። በዋናው ኮድ ውስጥ በመካተቱ ግን ከየእትሙ ጋር አብሮ ይመጣል። የዋናው ኮድ በር በአመዛኙ በኦስሎው ቡድን እጅ ነው፤ የሌላ አገር ባለሙያ የጻፈውን ልኮ፣ ተመርምሮ እስኪጸድቅለት ይጠብቃል፤ አለበለዚያ በጎን የራሱን መተግበሪያ ይሠራል። ችግሩን የሚያውቀው ቃሊቲ፣ ቁልፉን የያዘው ኦስሎ መሆኑ አያስቆጭም አይባልም።

ሆኖም ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። የጤና መረጃ የሚጫንባቸውን ጨምሮ እጅግ ብዙ የሊነክስ አገልጋዮች የሚጠቀሙበት ኤክስ.ዜድ. የተባለ የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር ለዓመታት በአንድ በጎ ፈቃደኛ ትከሻ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ጂያ ታን በሚል ስም ብቅ ያለ ተሳታፊ ጠቃሚ ለውጦችን እየላከ አመኔታ አተረፈ፤ ሌሎች ስሞች ደግሞ የደከመውን ባለቤት ቁልፉን እንዲያጋራ ወተወቱት። ቁልፉ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጣው እትም ውስጥም ባዕድ ሰው ከርቀት ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባበት ስውር በር ተቀበረ። ጉዳዩን በመጋቢት ወር ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ያጠራጠረው ግማሽ ሰከንድ ያህል የመግቢያ መዘግየት ነበር። ከጂያ ታን ስም በስተጀርባ ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም።