ቁጥር 326

አንድ የግጥም መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ገባ እንበል። ገጣሚው ጥቁር አሜሪካዊው ጄምስ ዌልደን ጆንሰን ነው። የት ይደርደር? «ከግጥም ጋር ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል አልነበረም። ብዙ ቤተ መጻሕፍት በሚጠቀሙበት የዱዊ የቁጥር አመዳደብ፣ ጥቁር የጻፈው መጽሐፍ ወይ 326 ይሰጠዋል፣ ባርነት ማለት ነው፤ ወይ ደግሞ 325፣ ሰፈራና ቅኝ ግዛት። የጆንሰን ግጥም ሳይቀር 325 ውስጥ ተወሽቆ ተገኝቷል።

ይህን አሻፈረኝ ያሉት ወይዘሮ ዶርቲ ፖርተር ናቸው። በ1930 ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥቁሮችን ጽሑፍ እንዲያደራጁ ተሾሙና ግጥሙን ከግጥም፣ ታሪኩን ከታሪክ አስቀመጡት። በጀት የሚባል ነገር እምብዛም አልነበራቸውም። አሳታሚውን «ገንዘብ የለንም፣ መጽሐፉን ስጡን» እያሉ፣ ከመጻሕፍት ነጋዴ ጋር እየተወዳጁ እስከ 1973 ሠሩ።

እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የጥቁሮች ድርሰት ታሪክ ከመጽሐፉ ይጀምር ነበር። መጽሐፉ እጄ እንዴት ገባ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ያፈርኩት ስለ ሐና ክራፍትስ ሳነብ ነው።

ወይዘሮ ፖርተር በ1948 ከአንዲት ነጋዴ በ85 ዶላር አንድ የእጅ ጽሑፍ ገዙ። ራሷን ያመለጠች ባሪያ የምትል ሴት የጻፈችው ልብ ወለድ ነው። እውን ጥቁር ናት? ፖርተር ጽሑፉን አንብበው አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ደራሲዋ ጥቁሮቹን ገጸ ባሕርያት የምታስተዋውቀን መጀመሪያ ሰው አድርጋ ነው፤ ቀለማቸውን ብዙውን ጊዜ የምናውቀው ታሪኩ ከገፋ በኋላ ነው። የዘመኑ ነጭ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ያስቀድም ነበር። እንዲህ ያለ ንባብ ከስንቱ ፕሮፌሰር አላገኘሁም!

ፖርተር በ1995 አረፉ። ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ ጽሑፉን በ2001 ከጨረታ ገዝተው በ2002 አሳተሙት፤ መጽሐፉም በሰፊው ተሸጠ። በ2013 ደግሞ ግሬግ ሄሲሞቪች የተባሉ ተመራማሪ የባሪያ አሳዳሪዎቹን ቤተሰብ ማስታወሻና መዝገብ አገላብጠው፣ ደራሲዋ ከሰሜን ካሮላይና ያመለጠችው ሐና ቦንድ መሆኗን አሳወቁ። የፖርተር ግምት ትክክል ነበር።

መቼም ጌትስ አይታሙም፤ የፖርተርን ድርሻ በመግቢያቸው በግልጽ ጽፈዋል። መግቢያውን እየዘለልን «ጌትስ ያገኘው መጽሐፍ» የምንለው እኛ ነን።

ዋሽንግተን ያላችሁ ወገኖቼ በጆርጂያ አቬኑ ስታልፉ የሃዋርድን ባለ ሰዓት ግንብ ሳታዩ አትቀሩም። ስብስቡ እዚያው ነው። ሞርላንድ-ስፒንጋርን ይባላል፤ የሁለት ወንዶች ስም ነው። አንደኛው መጻሕፍታቸውን በ1914 የለገሱ፣ ሌላው በ1946 የሸጡ። ለወይዘሮ ፖርተር አንድ ክፍል ተሰይሞላቸዋል።